ሜቲል ብሮማይድ፦ ነቀዝን የሚፈጅ፣ ኦዞንን የሚጎዳ ጋዝ ሲመዘን

ሜቲል ብሮማይድን በገዳይነቱ ብቻ ለሚመዝን ሰው ነቀፌታ የሚወጣለት ፀረ ተባይ አይደለም። የሚፈላው በ3.6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በመሆኑ ከጠርሙሱ እንደወጣ ወደ ጋዝነት ይለወጣል፤ በሸራ ወደተሸፈነ የእህል ክምር እስከ መሃሉ ዘልቆ ነቀዙን ከነእንቁላሉ ለመፍጀትም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን ገደማ ይበቃዋል። በምትኩ የሚቀርበው ሌላው የማጠኛ ጋዝ ፎስፊን ግን በርካታ ቀናት ይፈልጋል፣ ብርድ በሆነ ቁጥር ይብሱን ይዘገያል፣ በመጋዘኑ ውስጥ ያለውን የመዳብ ሽቦም ይበላል። የመጋዘን ሰዎች አሮጌውን ጋዝ ሲናፍቁ ያለ ምክንያት አይደለም።

ይሁን እንጂ ጋዙ ቀለም የለውም፣ ሽታውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዓይን የሚያስለቅሰው ክሎሮፒክሪን የሚጨመርበት ሠራተኛው ሳያውቀው እንዳይመረዝ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን ከሌላ መርዝ የሚበደር ምርት መሆኑ ራሱ ስለ ጠባዩ ብዙ ይናገራል።

መንግሥታትን ወደ ቁጥጥር የገፋቸው ግን ሸራው ከተገለጠ በኋላ የሚሆነው ነው። ወደ ላይኛው ከባቢ አየር የሚደርሰው ጋዝ ሲፈርስ ብሮሚን ይለቃል፤ አንድ የብሮሚን አቶም ደግሞ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደንን ኦዞን በማጥፋት ከአንድ የክሎሪን አቶም በብዙ እጥፍ ይበረታል። ኦዞንን የሚጎዱ ኬሚካሎችን የሚገድበው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲፈረም ይህ ጋዝ አልተካተተበትም ነበር፤ የገባው በ1992 በኮፐንሃገን ማሻሻያ ነው። ከዚያም ያደጉት አገሮች በ1999 ሩቡን፣ በ2001 ግማሹን፣ በ2003 ሰባ በመቶውን ቀንሰው በ2005 እንዲያቆሙ፣ በማደግ ላይ ያሉት ደግሞ እስከ 2015 እንዲያቆሙ ተወሰነ። ቅነሳው በየደረጃው መሆኑ ገበሬውም የመጋዘን ባለቤቱም ሌላ ዘዴ እንዲለምድ ጊዜ ስለሰጠ፣ በእኔ ግምት የደንቡ ምርጥ ክፍል ይኸው ነው።

ደካማው ክፍል ለኳራንቲን (ተባይ ከአገር አገር እንዳይዛመት ለሚደረግ ጥንቃቄ) እና ለቅድመ ጭነት ሥራ (ዕቃ ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት ለሚደረግ ማጠን) የተተወው ነፃነት ነው። ሌላ አማራጭ ለሌላቸው ወሳኝ አገልግሎቶች የሚሰጠው ልዩ ፈቃድ በአገሮች ጥያቄ እየተመረመረ መጠን ሲወሰንለት፣ ይህኛው በቅነሳው የጊዜ ሰሌዳ አይገዛም። አዲስ ተባይ ድንበር እንዳይሻገር መከላከል ተገቢ ቢሆንም፣ የእንጨት ማሸጊያን ያህል ነገር በዚህ ጋዝ ማጠን ግን ለማስረዳት ይቸግራል፤ የእንጨቱን እምብርት በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ማቆየት በዓለም አቀፉ ደንብ እኩል ተቀባይነት አለውና። (ሌላው የማጠኛ ጋዝ ሰልፈሪል ፍሎራይድም ኦዞንን አይነካም፤ ነገር ግን ብርቱ ሙቀት አማቂ ጋዝ ከመሆኑም በላይ እንቁላል ላይ ይደክማል።)

ስለዚህ ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት መጫኛ) የሚረከብ ሰው በእንጨቱ ላይ ያለውን ማኅተም ይመልከት፤ «ኤምቢ» (MB) የሚለው በሜቲል ብሮማይድ መታጠኑን፣ «ኤችቲ» (HT) የሚለው በሙቀት መታከሙን ያመለክታል። ምርጫው በእጄ ከሆነ እኔ የምጠይቀው ሁለተኛውን ነው።