እንግሊዝኛን ከአማርኛዬ ተነስተው ላስተማሩኝ መምህርት

ላለፉት ሁለት ዓመታት የቅዳሜ ጠዋቴን የሰጠኋቸውን የእንግሊዝኛ መምህሬን በአደባባይ ለማመስገን፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ለምትኖሩ ወገኖቼም ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ። ስማቸው በማኅበራዊ ገጽ ላይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ አልጠቅሰውም፤ በአገር ቤት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለረጅም ዘመን እንግሊዝኛ ያስተማሩ፣ አሁን ሜሪላንድ የሚኖሩ እናት ናቸው ማለት ለጊዜው ይበቃል።

የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በረዳት ነርስነት ነው። አንድ ሌሊት አንዲት አዛውንት ደረታቸውን እንዳመማቸው ነገሩኝና እየሮጥኩ ሄጄ ለተረኛዋ ነርስ «ሺ ቶልድ ሚ አይ ሃቭ ቼስት ፔይን» አልኳት። በአማርኛ ብናገር ኖሮ «ደረቴን አሞኛል አሉኝ» ብዬ ነገሩን በትክክል አድርሼ ነበር። ነርሷ ግን የታመምኩት እኔ መስዬአት ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፤ የደም ግፊት መለኪያውንም ክንዴ ላይ መጠቅለል ጀመረች። አዛውንቷ በሰላም ተርፈዋል። እኔ ግን እስክንግባባ ያለፉትን ደቂቃዎች እያሰብኩ ጠዋት ቤቴ ስገባ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ይህን ለመምህሬ በነገርኳቸው ጊዜ የሰጡኝ መልስ የትምህርታችን ሁሉ መሠረት ሆነ። አማርኛ የሌላውን ሰው ቃል ከነተናጋሪው እንዳለ ይዞ ይመጣል፤ «እመጣለሁ አለ» ስንል በ«እመጣለሁ» ውስጥ ያለው «እኔ» ዛሬ የሚያወራው ሰው ሳይሆን ያ ቀድሞ የተናገረው ሰው ነው። እንግሊዝኛ ግን በተለመደው ንግግር መልእክተኛው ተውላጠ ስሙን በራሱ ቦታ ሆኖ እንዲለውጠው ይጠይቃል፤ ስለዚህ ማለት የነበረብኝ «ሺ ሰድ ሺ ሃድ ቼስት ፔይን» ነበር። ሕጉን አስጽፈውን አላለፉም። ከቤተሰቦቻችን ጋር በስልክ ያወራነውን እያመጣን፣ ማን ምን እንዳለን በእንግሊዝኛ እንድናስተላልፍ ለአንድ ወር ያህል አለማመዱን።

ሌሎቹም የተውላጠ ስም ስሕተቶቻችን ከዚያው ምንጭ የሚወጡ መሆናቸውን ያየሁት እሳቸው ዘንድ ነው። «መጣ» በአማርኛ ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ በእንግሊዝኛ «ሂ» የሚለውን መጣል ይቀናናል። «ያየኋት ሴት» ውስጥ «እሷን» የሚያመለክት ምዕላድ (የቃሉ ቅጥያ «ት») ስላለ «ዘ ዉመን ዛት አይ ሳው ኸር» እንላለን፤ እንግሊዝኛ ግን ያንን የመጨረሻ «ኸር» አይፈልግም። አባታችንን አንቱ ብለን ስላደግን ደግሞ በ«ሂ» ፈንታ ለብዙዎች የሚነገረውን «ዘይ» እናስገባና «ማይ ፋዘር ዘይ ኬም» እንላለን። አባቴን «ሂ» ማለት ለረጅም ጊዜ አንገበገበኝ፤ እንደ ድፍረት ይሰማኝ ነበር። መምህሬ ይህን እንደ ተራ ስሕተት አላዩብኝም። እንግሊዝኛም በጥንት ዘመኑ «ዛው» የሚል ለቅርብ ሰው የሚነገር ቃል እንደነበረው፣ «ዩ» ደግሞ ለብዙዎችና ለሚከበር ሰው ይነገር እንደነበር፣ ከጊዜ ብዛት «ዛው» ከመደበኛው ንግግር ጠፍቶ «ዩ» ብቻ እንደቀረ አስረዱኝ። እንግዲህ ዛሬ ለሁሉም የሚነገረው የአክብሮቱ ቃል ነው ማለት ነው፤ ይህን ካወቅሁ በኋላ ሐኪሙንም ጽዳት ሠራተኛውንም «ዩ» ስል ልቤ አይከብደውም። «ዘይ» ለአንድ ሰው የሚነገርበት ጊዜም አለ፤ ይኸውም ጾታው ላልታወቀ ወይም እንዲህ ጥሩኝ ላለ ሰው ነው እንጂ ለአንቱታ አይደለም። የሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት በ2019 ይህንኑ ቃል የዓመቱ ቃል አድርጎ መርጦት እንደነበር የነገሩንም በዚሁ ትምህርት ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ስለ ፐርፌክት ቴንስ ነው። በትምህርት ቤት «ሃቭ፣ ሃዝ፣ ሃድ» ብዬ ሸምድጄው ነበር፤ መቼ እንደምጠቀምበት ግን አላውቅም ነበር። መምህሬ የጀመሩት ከአማርኛ ሰዋስው ነው። «ወስዳለች» ቅርብ ኃላፊ፣ «ወስዳ ነበር» ሩቅ ኃላፊ ይባላሉ፤ ከእንግሊዝኛዎቹ ፕረዘንት ፐርፌክትና ፓስት ፐርፌክት ጋርም ይቀራረባሉ። ሰው የሚሳሳተው መቀራረባቸውን እንደ አንድነት ሲቆጥረው ነው። በአማርኛ «ትናንት መድኃኒቷን ወስዳለች» ማለት ምንም ነውር የለበትም። በእንግሊዝኛ ግን «የስተርደይ» ከገባ «ሃዝ ቴክን» አይባልም፤ «ቱክ» ብቻ ነው የሚባለው፣ ምክንያቱም ጊዜው ተጠርቶ ተዘግቷልና። ሩቅ ኃላፊውም እንዲሁ ነው፤ «ዱባይ ሄጄ ነበር» የምንለውን ብዙዎቻችን «አይ ሃድ ጎን ቱ ዱባይ» እንለዋለን፤ እንግሊዝኛው ግን «አይ ሃቭ ቢን ቱ ዱባይ» ነው። «ሃድ» የሚመጣው ከሌላ ያለፈ ነገር አስቀድሞ የሆነውን ስንናገር፣ «ስደርስ አውቶቡሱ ሄዶ ነበር» እንደምንለው ያለ ጊዜ ነው። «ሂ ሃዝ ጎን ቱ ዱባይ» ካልን ደግሞ ሰውዬው አሁንም ገና አልተመለሰም።

እዚህ አገር ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ይህንኑ በእንግሊዝኛ ስናገር «አይ አም ሊቪንግ ሂር ሲንስ ሲክስ ይርስ» እል ነበር፤ ዛሬ «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ሲክስ ይርስ» እላለሁ። ለዘመን ርዝመት «ፎር»፣ ለመነሻው ቀን «ሲንስ»።

በሥራዬ ላይ የዚህ ትምህርት ዋጋ ግልጽ ነው። ተራ ስትረከቡ «ሂዝ ኢትን» እና «ሂዝ ኢቲንግ» በጆሮ እጅግ ይቀራረባሉ፤ የመጀመሪያው በልቷል፣ ሁለተኛው እየበላ ነው ማለት ነው፤ ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የዜግነት ማመልከቻ ለምትሞሉም ኤን-400 በተባለው ቅጽ ውስጥ «ሃቭ ዩ ኤቨር» እያለ የሚጀምር ጥያቄ ብዙ ነው፤ በቃለ መጠይቁም ላይ ይነሳል። መምህሬ ይህን «ታስረው ያውቃሉ?» በሚለው «ያውቃሉ» ስላስረዱኝ ከዚያ ወዲህ ተምታቶብኝ አያውቅም፤ በዕድሜ ዘመን ሁሉ፣ አንድ ጊዜም ቢሆን፣ የሚል ጥያቄ ነው።

አሜሪካውያን በየዕለቱ «በልተሃል?» ለማለት «ዲድ ዩ ኢት የት» ሲሉ ሰምታችሁ መጽሐፉ ተሳስቷል እንዳትሉ፤ መምህሬ ይህን የአገሬው አነጋገር ነው ብለው ያስተምራሉ፣ በጽሑፍና በፈተና ግን «ሃቭ ዩ ኢትን» እንድንል ይመክራሉ።

ለማን እንደሚስማሙም በሐቀኝነት ልናገር። በሁለት ሳምንት ፈተና አልፋለሁ ለሚል ሰው አይሆኑም፤ ቀስ ይላሉ፣ የቤት ሥራ ሳይሠራ የመጣን ሰው ደግሞ ጥግ አስቀምጠው ያሠሩታል። በአንድ ጊዜ ከስድስት ሰው በላይ አይቀበሉም፣ ሁሉም እንዲናገር። ክፍያውን ራሳቸው ይነግሯችኋል፤ እኔ ከከፈልኩት በላይ ተቀብያለሁ።

የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። በመጀመሪያው ቀን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዛችሁ እንድትመጡ አይጠይቁም፤ የትናንት ውሏችሁን በግማሽ ገጽ አማርኛ ጽፋችሁ ኑ ይሏችኋል።