መከልከል ወይስ መቆጣጠር? ኒው ዮርክና ፔንሲልቬንያ

አቃቂ ነው የምኖረው። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ቢጫ ጀሪካኖቼን ደርድሬ ቧንቧው እስኪንፏፏ ስጠብቅ ስለ ፍራኪንግ ሳነብ ነበር። ውሃ፣ አሸዋና ኬሚካል በኃይለኛ ግፊት እየላኩ ጥልቅ ዓለት ሰንጥቆ ጋዝ ማውጣት ማለት ነው።

ሁለቱ የአሜሪካ ግዛቶች ጎረቤት ናቸው፤ ማርሴለስ የሚባለው ጋዝ ያዘለ ዓለትም ከሁለቱም ሥር አለ። ኒው ዮርክ ለጤና ያሰጋል ብላ እንደምትከለክለው እ.ኤ.አ. በ2014 አስታወቀች፣ በ2020 በሕግ አጸናችው። አለቀ።

ፔንሲልቬንያ ፈቀደች፤ ግን በ2012 ሕጓ ኩባንያዎቹን በየጉድጓዱ ታስከፍላለች፣ ከገንዘቡም ለየአካባቢው አስተዳደር ይደርሳል። እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። ከጋዝ ጉድጓዱ 760 ሜትር ገደማ ውስጥ ያለ የውሃ ጉድጓድ የጋዙ ጉድጓድ ሥራ ባለቀ በ12 ወር ውስጥ ከተበከለ፣ በዳዩ ኩባንያው ነው ተብሎ ይገመታል፤ አይደለሁም ካለ ማስረጃውን እሱ ያምጣ! ስለዚህ ቀድሞ ውሃውን ማስመርመር ያዋጣዋል። 12 ወሩ ካለፈ በኋላ ግን ማስረጃ ፍለጋው ወደ ገበሬው ይዞራል፣ እሱ ደግሞ ላብራቶሪ ከየት ያመጣል?

እውነቱን ለመናገር፣ የፔንሲልቬንያው ጎበዝ ተቆጣጣሪ ይፈልጋል። ውሃዬ ከጉድጓድ ስለሚመጣ እኔ የኒው ዮርክን እመርጣለሁ፤ ጋዙ ከመሬቱ ሥር ያለው ገበሬ ግን በዚህ እንደማይስማማ አውቃለሁ።