ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ቆዳ የለበሱ የጎልፍ ዱላዎች

ጎንደር ውስጥ የጎልፍ ዱላ እጀታ የሚቀይር ሱቅ ፈልጌ አላገኘሁም። ያገኘሁት ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ጫማና ቦርሳ የሚጠግን አንድ ወጣት ቆዳ ሠሪ ነው። ለአንድ ዱላ 350 ብር ከፍያለሁ፤ ሥራውን ወድጄዋለሁ። ነገር ግን የጎልፍ ደንብ የማያውቅ ባለሙያ እጀታ ሲሠራ አጠገቡ ቆሞ የሚከራከር ሰው ያስፈልገዋል። እኔ ጡረታ የወጣሁ የብረታ ብረት መምህር ስለሆንኩ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ከኪሴ አይጠፋም፤ ክርክርም አይሰለቸኝም።

ዱላዎቹን የገዛኋቸው አገልግለው ነው። የእጀታቸው ጎማ በፀሐይ፣ በላብና በእጅ ቅባት እንደ ቀንድ ጠንክሯል። ሰባት ቁጥሩ አይረን (የብረት ራስ ያለው ዱላ) ላይ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ጭራሽ ጎድጉዷል። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥቤ፣ የሚያብለጨልጨውን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ለጊዜው አቆየሁት። አዲስ አበባ ስሄድ አብሮኝ የሚጫወት ወዳጄ ግን ጉድጓዱን አይቶ «በዚህ ዱላ ውድድር ብትገባ ያባርሩሃል» አለኝ።

አያባርሩኝም። የጎልፍን ደንብ በጋራ የሚያወጡት ሁለቱ ድርጅቶች፣ አር ኤንድ ኤ እና ዩ ኤስ ጂ ኤ፣ በደንብ 4.1 ላይ ነገሩን ቆርጠውታል፤ ደንቡን ያሟላ ዱላ በተለመደው አጠቃቀም ስላለቀ ብቻ ሕገወጥ አይሆንም። ወዳጄ የሰማው ቅጣት ግን እውነት ነው። ደንቡን በማያሟላ ዱላ ኳስ የመታ ተጫዋች ከውድድር ይሰረዛል። በቦርሳው ይዞት ቢዞርና ባይመታበት አይቀጣም፤ ከሚፈቀዱለት 14 ዱላዎች እንደ አንዱ ግን ይቆጠርበታል። እጀታውን የቀየርኩት እንግዲህ ደንብ ፈርቼ ሳይሆን ከእጄ እየሾለከ ስላስቸገረኝ ነው።

ቆዳ ሠሪው ሰባት ቁጥሩን አገላብጦ አየና ጉድጓዱን በጣቱ ዳሰሰው። «ጋሼ፣ የአውራ ጣትዎ ቦታማ ራሱ ወጥቷል፤ የሌሎቹን ጣቶች እኔ በቢላ ላውጣልዎት?» አለኝ። ለመጥረቢያ ወይም ለዶማ ቢሆን ኖሮ እጁን በሳምኩት ነበር። በጎልፍ ግን እጀታ ቀጥ ያለና ያልተጌጠ መሆን አለበት፤ ለየትኛውም የእጅ ክፍል ተቀርጾ መሠራት የለበትም። ያው ጉድጓድ ዘመን ቢቆፍረው ይፈቀዳል፤ ቢላ ቢቆፍረው ያሰርዛል። ይህን ስነግረው ሳቀ። «እንግዲያውስ ደንቡ የሚጠላው እኔን ነው!» አለ። እኔ ግን ደንቡ ትክክል ይመስለኛል። እጅን በየምቱ አስተካክሎ ማስቀመጥ የጨዋታው ግማሽ ችሎታ ነው፤ እጀታው ራሱ ጣትን የሚመራ ከሆነ እኔ ምን ሠራሁ?

አሮጌውን ጎማ በቢላ ሰንጥቆ አወጣው። የእኔ ዘንጎች ብረት ናቸው፤ የካርቦን ዘንግ ያላችሁ ቢላውን አታስጠጉት፣ ይጎዳል። ከዚያ ዘንጉን በቤንዚን ጠርጎ፣ በጨርቅ አወፍሮ፣ ማስቲሽ ቀብቶ ስስ የፍየል ቆዳ ጠመጠመበት። የጠርዙን ቆዳ ያሳሳበት መንገድ ያስደንቃል፤ መጋጠሚያውን ዐይን ቢያየውም እጅ አያገኘውም። በጥምጥሙ መካከል የሚቀረው ስስ ጠመዝማዛ መስመር በደንቡ የተፈቀደ ነው።

የመጀመሪያው ዱላ ላይ ግን መካከሉን ደርቦ ሆድ አወጣለት። እጀታ ከላይ ወደ ታች እየቀጠነ ቢሄድ ይፈቀዳል፤ ሆድም ሆነ ወገብ ሊኖረው አይገባም፤ ከፓተር (ኳሱን መሬት ለመሬት ወደ ጉድጓዱ ከሚያንከባልሉበት ዱላ) በቀር ቅርጹ ክብ መሆን አለበት። ካሊፐሩን አሳየሁት፣ ሳያጉረመርም ፈትቶ እንደገና ጠመጠመው። ውፍረቱ ከ44.45 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ይባላል፤ የእኔ ከዚያ በጣም ያንሳል። ርዝመቱ ደግሞ ከ177.8 ሚሊሜትር እንዳያንስ። ይህንን መንገር ነበረብኝ፣ ምክንያቱም ልጁ ቆዳ ይቆጥባል።

ፓተሩን አላስነካሁም። የእጀታው ፊት ጠፍጣፋ ስለሆነ «ጠማማ ነው፣ ላቃናው» ብሎ ነበር፤ ለፓተር ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ እጀታ እንደሚፈቀድ ለማስረዳት ከሁሉም በላይ ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ።

በደረቅ ቀን አዘዞ ሜዳ ላይ ስለማመድ ቆዳው ከማንኛውም ጎማ ይልቅ ይመቸኛል። ሲርስ ግን ያንሸራትታል፤ ክረምት ላይ የምትጫወቱ ከሆነ ጎማ ይሻላችኋል። ደንቡ በእጀታው ላይ መሐረብ መጠቅለልን፣ ተራ ጓንትንና ማድረቂያ ዱቄትን ስለሚፈቅድ እኔ መሐረብ እይዛለሁ።

ወደ ቆዳ ሠሪው የምትሄዱ መለኪያ ያዙ፣ የምትፈልጉትንም ርዝመት ዘንጉ ላይ አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉበት። ቅዳሜ ቀን ግን አትሂዱ፤ በገበያው ግርግር ዱላውን ዘርግቶ የሚሠራበት ቦታ የለውም።