ከውጭ መጥቶ ባሕር ዳር ላይ ወላጁን ለሚያሳክም ሰው

ባሕር ዳር ባሉት የመንግሥት ሆስፒታሎች ሐኪሙ ጎበዝ ነው። ይህ አስቀድሞ መነገር አለበት፤ ከውጭ የምንመጣ ሰዎች የኮሪደሩን ግፊያ፣ የመጸዳጃ ቤቱን ሽታና ወለል ላይ አንጥፎ የተኛውን አስታማሚ አይተን በሕክምናው ላይ ቶሎ እንፈርዳለን፤ አባታችንን ጭነን ወደ አዲስ አበባ ለመሮጥም እንቸኩላለን። አልጋው ራስጌ የሚቆመው ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን እየተማረ የሚያክመው ሐኪም) በዓመት የሚያየው የበሽታ ዓይነትና ብዛት፣ በእጁና በጆሮው መርምሮ የሚደርስበት ነገር ግን ሊከበር ይገባዋል። የሚጎድለው ሌላ ቦታ ነው፦ ትእዛዙ ካርዱ ላይ ከተጻፈበት ሰዓት ጀምሮ መድኃኒቱ የበሽተኛው ደም ሥር ውስጥ እስኪገባ ባለው መንገድ ላይ። ያንን መንገድ በአብዛኛው የሚሮጠው አስታማሚው ነው። ይህ ግምገማ የአንድን ሆስፒታል ስም ለማጥፋት ሳይሆን ያንን ሩጫ ለሚረከብ ሰው የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ የት እንደሚኬድ። በአገሪቱ አሠራር የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሚታሰበው ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ለሚሆን ሕዝብ ነው፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን። በከተማዋ ፈለገ ሕይወትና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን በላይኛው ደረጃ ያሉ ናቸው፤ ከጎጃም፣ ከአዊ፣ ከደቡብ ጎንደር የተላከ በሽተኛ ሁሉ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። ስለዚህ ለደም ግፊት ክትትል ወይም ለተራ ትኩሳት እዚያ መሰለፍ ቀኑን ከመብላቱም በላይ የባሰበትን ሰው ወረፋ ማርዘም ነው። ጤና ጣቢያ ወይም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይበቃል።

ሌላም ምክንያት አለ። እናትና አባት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆኑ የመድህን ደብተሩ የሚሠራው ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በሪፈር ሲኬድ ነው። ከውጭ የመጣ ልጅ «ገንዘብ አለኝ» ብሎ ጤና ጣቢያውን ዘሎ በቀጥታ ትልቁ ሆስፒታል ሲያስገባቸው፣ እሱ ከተመለሰ በኋላም የሚቀጥለውን ክትትል ከኪሳቸው እንዲከፍሉ ያደርጋቸዋል። የዚያን ዕለት ጤና ጣቢያ ሄዶ ሪፈር ማጻፍ ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው። ደብተሩ ለዓመቱ መታደሱን፣ የበሽተኛው ስም ከነአባቱና ከነአያቱ በመታወቂያው ላይ እንዳለው መጻፉንም ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል፤ ካርድ ክፍል ውስጥ ሰው የሚመላለሰው በዚህ ነው። የካርድ ቁጥሩን በስልክ ፎቶ ማንሣት ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይጠቅማል። የድሮው ካርድ ካልተገኘ አዲስ ይወጣል፤ አዲስ ካርድ ማለት ደግሞ ሐኪሙ ያለፈውን ታሪክ ሳያይ ከዜሮ ይጀምራል ማለት ነው።

ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ወረፋው በመድረስ ቅደም ተከተል አይደለም። ትሪያጅ (የበሽተኛው አስቸኳይነት የሚለይበት ቦታ) ላይ ያለው ነርስ ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ ግፊት፣ ሙቀትና የንቃት ደረጃ ለክቶ ከባሰበት ጀምሮ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ቀለም ይሰጣል። አረንጓዴ የተሰጠው ሰው ሦስት ሰዓት ቢጠብቅ አሠራሩ ትክክል ሠራ ማለት ነው፤ እዚያ ቆሞ መጮህ የቀዩን ሐኪም መሻማት ነው። መጮህ ሳይሆን ማሳወቅ ያለብን ሁኔታው ሲለወጥ ነው፦ መተንፈስ ሲያቅተው፣ ሲቃዥ፣ እጅና እግሩ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ትሪያጅ ማስለካት። ቀለም እንደገና የሚሰጠው አስታማሚው ከተናገረ ነው፤ በራሱ ጊዜ ተመልሶ የሚለካ ሰው በተጨናነቀ ሌሊት የለም። ለአምቡላንስ የቀይ መስቀሉ 907 አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ግን በክልሉ ባለው ግጭት የማታ እንቅስቃሴ እንደ ድሮው ስላልሆነ፣ ባጃጅ የሚያቆምበትን ሰዓት ማወቅና መኪና ያለው ጎረቤት ስልክ መያዝ ግድ ነው።

አልጋ የሚሰጠውም ሆነ ሪፈር የሚያደርገው ላይዘን ቢሮ ነው። ሐኪሙ «ይተኛ» ብሎ ቢጽፍም አልጋ ሳይገኝ ድንገተኛ ክፍል ስትሬቸር ላይ ማደር የተለመደ ነው። እዚህ ጋ ዘመድ ፍለጋ ይጀመራል። ይህን መተው ይሻላል፤ ላይዘኑን በጨዋነት በየሁለት ሰዓቱ መጠየቅ ውጤት አለው።

ዋርድ (የተኝቶ ታካሚ ክፍል) ውስጥ ዋናው ጉድለት የነርስ ቁጥር ነው። በቀን ፈረቃ ከተማሪዎች ጋር ተደማምሮ ሰው ያለ ይመስላል፤ ማታ ግን ሁለት ወይም ሦስት ነርስ ሙሉ ዋርድ ይዞ ያድራል። መርፌውን ይወጋሉ፣ ጉሉኮስ ይቀይራሉ፣ አዲስ የገባ ይቀበላሉ፤ ማጠብ፣ ማብላት፣ ማገላበጥ፣ ሽንት ይዞ መሄድ የእኛ ነው። ስትሮክ የመታው ወይም ዳሌው የተሰበረ ሰው በየ2 ሰዓቱ ጎን ካልተቀየረ መቀመጫውና ተረከዙ ይቆስላል፤ የመጀመሪያው ምልክት በጣት ሲጫኑት የማይጠፋ መቅላት ነው፣ በጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ከዙሪያው የጠቆረና የሞቀ ቦታ። ሌሊቱን ለሁለት አስታማሚ መከፋፈል ያስፈልጋል። አንድ ሰው ሦስት ሌሊት ብቻውን ከጠበቀ በአራተኛው እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ቁስሉም ያኔ ይጀምራል። በየአልጋው ሥር ቦርሳና ምግብ ይዞ የሚከማቸው አሥር ጠያቂ ለዚህ ሥራ ተራ ቢያወጣ እንዴት በጠቀመ!

ሌላው ጉድለት መረጃ ነው፤ ይህ ከገንዘብ እጥረት ጋር ምንም ግንኙነት ስለሌለው ይበልጥ ያሳዝናል። ጠዋት 2 ሰዓት ግድም ሐኪሞቹ ሞርኒንግ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ቀጥሎ በየአልጋው እየሄዱ በሽተኛ የሚያዩበት ዙር ይጀምራል። ዙር ሲጀመር አስታማሚ ይውጣ ይባላል። ስለ በሽተኛው ትልቁ ውሳኔ የሚተላለፈው ልክ በዚያ ሰዓት፣ በእንግሊዝኛ፣ ቤተሰብ በር ላይ ቆሞ ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ አንዱ ኢንተርን (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ) የምርመራ ወረቀት ለእህት ይሰጣል፣ ሌላው ስለ ቀዶ ሕክምና ለወንድም ይነግራል፤ ማታ ላይ ቤተሰቡ እርስ በርሱ ይጣላል። መላው አንድ ነው፦ ከቤተሰቡ አንድ ተናጋሪ መመደብ፣ ጥያቄዎቹን በወረቀት መጻፍ፣ ዙሩ ሲያልቅ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ በሽተኛውን የያዘውን ሬዚደንት በስሙ ጠይቆ ማግኘት። አራት ጥያቄ ይበቃል፦ የተጠረጠረው በሽታ ምንድን ነው? ዛሬ የሚጠበቀው ምርመራ የቱ ነው? መድኃኒቱ የሚሰጠው ስንት ቀን ነው? ምን ምልክት ካየን ነርስ እንጥራ? ለአራቱ የማይመልስ ሐኪም አይገጥምም፤ ያልተጠየቀ ነው የማይናገረው።

መድኃኒት ቤቱን በተመለከተ ክልላችን የሚመሰገንበት ነገር አለ። መድኃኒት ከመጋዘን እስከ በሽተኛ በሰነድ የሚከታተለው አሠራር፣ ባለሙያዎቹ «አፕትስ» የሚሉት፣ መጀመሪያ የተሞከረው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው፤ በኋላ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ተዳርሷል። መድኃኒቱን ስትቀበሉ ስሙ፣ መጠኑና ዋጋው የሰፈረበት ደረሰኝ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ያም ሆኖ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይመጣል። ያኔ ማዘዣው ላይ እንደሌለ ተጽፎ ማኅተም ይደረግበት፤ የመድህን አባል ከሆኑ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ ለመጠየቅ ያለዚያ ወረቀት መሄድ አይቻልም። ችግሩ የሚብሰው ቅዳሜና እሑድ ነው። ሴፍትሪያክሰን (የሚወጋ ፀረ ባክቴሪያ) በቀን ሁለት ጊዜ የታዘዘለት ሰው ዓርብ ማታ አንድ ብልቃጥ ብቻ ቀርቶት ከሆነ ቅዳሜ ማታ የሚወጋው አይኖርም፤ ነርሷ ካርዱ ላይ እንዳልተገኘ ጽፋ ታልፋለች። ሰኞ ዙር ላይ ሐኪሙ «ለምን አልተሻለውም?» ይላል። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት የቀረውን ብልቃጥ፣ ሲሪንጅ፣ ጓንትና ደም ሥር ላይ የሚተከለውን ካኑላ ቆጥሮ እስከ ሰኞ ጠዋት የሚበቃውን መግዛት ነው። ከዚያ በላይ አይከማች፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን ከቀየረው ይባክናል።

ስለ ላብራቶሪ ረዘም አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ጣና ዳር ትኩሳት ሁሉ «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚባልበት ልማድ አለ። ዊዳልና ዌል ፊሊክስ የሚባሉት የደም ምርመራዎች ሰውነት ቀድሞ ያመረተውን መከላከያ ስለሚያነቡ፣ በሽታው በሚዘወተርበት አገር ደህና ሰው ላይም «ፖዘቲቭ» ይላሉ። አንድ ጊዜ በተወሰደ ደም ብቻ ታይፎይድ ነው ብሎ የሁለት ሳምንት ፀረ ባክቴሪያ መጀመር፣ በተለይ በትናንሽ ክሊኒኮች፣ በየቀኑ የሚሠራ ስሕተት ነው። ትኩሳት ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው የወባ ምርመራ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ብትሆንም ወባ አለባት፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል። ውጤቱ «አለ» ብቻ ተብሎ አይታለፍም፦ የወባው ዓይነት ፋልሲፓረም ነው ወይስ ቫይቫክስ? ለፋልሲፓረም የሚታዘዘው ኮአርተም በ3 ቀን 6 ጊዜ ይወሰዳል፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ። በደንብ የሚሠራው ቅባት ካለው ምግብ ጋር ነው፤ በጾም ወተቱ ከቀረ ዘይት በዛ ያለበት ሽሮ ወይም ለውዝ ይበላ። ቫይቫክስ ከሆነ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሣል፤ ለዚህ የ14 ቀን ፕሪማኩዊን አለ። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ደሙን የሚጎዳበት ሰውም ስላለ ሐኪሙን ሳይጠይቁ አይጀመርም። ሐይቁ ውስጥ የገባ፣ በተለይ ቄጠማ ባለበት ዳርቻ እግሩን የነከረ እንግዳ ደግሞ ከውኃ የሚይዘውን የቢልሃርዝያ ትል ያስብ። እንቁላሉ ሰገራ ላይ የሚታየው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ በሳምንቱ ተመርምሮ «ነፃ ነኝ» ማለት አይሠራም፣ ከተመለሱ በኋላ ላለው ሐኪም በንጹሕ ውኃ ሐይቅ መዋኘታችሁን ንገሩት።

ቀዶ ሕክምና ከታሰበ ደም አስቀድሞ ይታሰብ። ዘመድ የሰጠው ደም በቀጥታ ለበሽተኛው አይገባም፤ ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ ተመርምሮ ነው። ስለዚህ ቀጠሮ ላለው ቀዶ ሕክምና ዘመድ ቀደም ብሎ ቢሰጥ የደም ባንኩ አይራቆትም፤ አንድ ከረጢት ደም 35 ቀን ድረስ ይቆያል። ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ መስጠት ይችላል።

ወሊድ በጤና ጣቢያም በመንግሥት ሆስፒታልም ነፃ ነው፤ ክትባት፣ የቲቢና የኤች አይ ቪ ሕክምናም እንዲሁ። የፌስቱላ ሕክምና በባሕር ዳር ሐምሊን ማዕከል በነፃ ይሰጣል። ከደቅ ደሴት ወይም ከዘጌ ለሚመጣ ቤተሰብ ግን ነፃ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ማታ ምጥ ሲነሣ ጀልባ የለም። የእናቶች ማቆያ ያለበትን ተቋም ቀድሞ ጠይቆ ቀኗ ሲቃረብ እዚያ እንድትቆይ ማድረግ ከየትኛውም የውጭ ስጦታ ይበልጣል።

ስለ ስጦታ ካነሣን፦ ደም የሚነካበት ስትሪፑ ባሕር ዳር የማይሸጥ የስኳር መለኪያ ከሻንጣ አውጥቶ ለእናት መስጠት የሁለት ወር ዕቃ መስጠት ነው። እዚህ የሚሸጠውን ሞዴል እዚሁ ግዙ። ስኳር በሚሊሞል በሊትር በሚለካባቸው የአውሮፓ አገሮች የምንኖር ደግሞ ቁጥሩን ልብ እንበል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ስኳር የሚለካው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፣ የእናንተን ቁጥር በ18 ማባዛት ነው። በስልክ «180 ሆነ» ሲባል 10 ማለት ነው። ከውጭ የሚላክ ክኒን ላይ የንግድ ስሙ ሳይሆን የመድኃኒቱ ዋና ስም በአማርኛ ተጽፎ ይለጠፍበት፤ ያለዚያ የዋርዱ ሐኪም ያው መድኃኒት በሌላ ስም ደግሞ ሊያዝ ይችላል። ለሆስፒታል ዕቃ መለገስ የሚፈልግ ሰው ከአሜሪካ የ120 ቮልት ማሽን ይዞ አይምጣ፤ እዚህ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከመግዛት በፊት የሆስፒታሉን የባዮሜዲካል (የሕክምና መሣሪያ ጥገና) ባለሙያ ማነጋገር ነው፤ ብዙ ማሽን የቆመው የሃያ ዶላር መለዋወጫ አጥቶ መሆኑን የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።

ለነርስ በድብቅ ብር ማስጨበጥ ይቅር። ደመወዛቸው ማነሱ እውነት ነው፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በመላ አገሪቱ ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት በዚሁ ነው። ነገር ግን የእኛ ብር የሚገዛው አጠገባችን ያለውን አልጋ ተራ ነው፣ እዚያ ላይ የተኛው የገበሬ ልጅ ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ ስፔሻሊስት ማግኘት ለሚፈልግ በመንግሥት ሆስፒታሎች የግል ሕክምና አገልግሎት አለ፤ በደረሰኝ ይከፈላል፣ ከፊሉም ለባለሙያው ይደርሳል። ቅሬታ ካለ ቅሬታ ሰሚ ክፍል አለ፤ የአልጋ ቁጥር፣ ቀንና ፈረቃ ተጽፎ ሲቀርብ ነው የሚታየው፣ «ሰው አይደሉም» ብሎ መውጣት ማንንም አያስተካክልም።

ሲወጡ የመውጫ ወረቀቱ ላይ አራት ነገር መኖሩን አይታችሁ ፎቶ አንሡ፦ የበሽታው ስም፣ የተደረገው ሕክምና፣ ቤት የሚወሰደው መድኃኒት ከነመጠኑና ከነቀኑ፣ የቀጠሮ ቀን። ቀጠሮው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሚጻፍ በፈረንጁም ጻፉት፤ ያን ዕለት ጠዋት ካርድ የሚያስወጣው ዘመድ ማን እንደሆነ ሳይወሰን ከግቢው አትውጡ።