የድሮ ትራም መጻሕፍት፦ የታተመው ይሻላል ወይስ ፒዲኤፉ?

ደሴ ተቀምጦ የከተማ ዳር ትራም ታሪክ መጻሕፍትን ለሚሰበስብ ሰው ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው። መጽሐፉን ላስመጣ ወይስ ፒዲኤፉን ላውርድ?

ዋጋ፦ የታተመው ውድ ነው፤ ማጓጓዣው ደግሞ ኪስ ይጎዳል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ነገሩ ይቀላል። ከ1929 (እ.ኤ.አ.) በፊት አሜሪካ የታተሙት ግን የቅጂ መብታቸው ስላበቃ ፒዲኤፋቸውን በነፃ ማውረድ ይቻላል።

ካርታ፦ ለእኔ ዋናው ይሄ ነው። ፓስፊክ ኤሌክትሪክ የሚባለውን የአሜሪካ ትራም ድርጅት እንውሰድ። ሎስ አንጀለስን ከዳር ከተሞቿ ያገናኝ ነበር፤ የመጨረሻው መስመር በ1961 (እ.ኤ.አ.) ተዘጋ። ያን ሁሉ መስመር ያለ ካርታ መረዳት ከባድ ነው። ከመጽሐፉ ጀርባ የታጠፈውን ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሐዲዱን በጣት መከተል እንዴት ደስ ይላል! ስካን ሲደረግ ግን ብዙ ጊዜ ሳይዘረጋ ይታለፋል። ካወረድኳቸው በአንዱ ላይ የሚታየው የታጠፈው ወረቀት ጀርባ ብቻ ነው።

አደጋ፦ የደሴ ክረምት ወረቀት ያሻግታል፤ መደርደሪያውን ከግድግዳ ራቅ አድርጉት። ስልክ ከጠፋ ደግሞ ፒዲኤፉም አብሮ ይሄዳል። ፍላሽ ላይ ቅጂ ያዙ።

አንድ መስመር ልቡን ለያዘው፣ ካርታና ፎቶ ለሚወድ የታተመው ይሁንለት። የኮምቦልቻን ሐዲድ አይቶ ጉጉት ላደረበት ጀማሪ ፒዲኤፍ ይበቃዋል።