የጥልፉን ጀርባ ገልብጬ አየሁት

ልብስ ሰፊ ነኝ። መርካቶ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሲንጀር ላይ ስለተቀመጥሁ፣ ጥልፍ ስገዛ አስቀድሜ የማየው ጀርባውን ነው። ፊቱን ማንም ያሳምረዋል። ከጀርባው ግን ክሩ ከተንዘላዘለና ቋጠሮው ካበጠ ጠላፊው ቸኩሏል።

ባለፈው ጥር ለእህቴ ልጅ የሠርግ ስጦታ ፍለጋ ቦሌ አካባቢ ካለ አንድ የስጦታ ዕቃ መደብር ገባሁ። ጀበናና ረከቦት የተጠለፈባቸው ሁለት የአቡጀዲ ትራስ ልብሶች ዓይኔን ሳቡት። ገልብጬ አየሁ፤ ጀርባው ከፊቱ የማያንስ ንጹሕ ነው። ጥንዱ 1,400 ብር፤ ለዚህ እጅ አይበዛም። ያበሳጨኝ የተንጠለጠለባቸው ወረቀት ነው። በባዕድ ቋንቋ የሥጋ ደዌ በሽተኞች እንደሠሩትና ገዢው እንደሚረዳቸው ይናገራል። የጠላፊዋ ስም የለም፣ አገሯ የለም፤ በሽታው ብቻ። ያን የመሰለ ሥራ የልመና ሰሐን አደረጉት።

የት እንደሚሠራ ጠይቄ በማግስቱ ዘነበወርቅ ሄድሁ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው፤ ከ1958 ዓ.ም. ወዲህ አለርት የምንለው። እዚያው አቅራቢያ በአንዲት የቆርቆሮ ቤት ስድስት ሴቶች ይጠልፋሉ። የትራሶቼ ጠላፊ በዕድሜ ትልቋ ናቸው። ትንሿና የቀለበት ጣታቸው ወደ መዳፋቸው ታጥፈዋል፤ መርፌውን የሚይዙት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ነው።

«እማማ፣ መርፌው ሲወጋዎትስ?»

«አይሰማኝም ልጄ። የማውቀው ደሙን ጨርቁ ላይ ሳየው ነው። በነጭ ክር ስሠራ እጠነቀቃለሁ፤ በቀይ ስሠራ ግን አርፋለሁ» ብለው ሳቁ። እውነትም በየጥቂት ስፌቱ ቆም ብለው ጣታቸውን በዓይናቸው ይመረምራሉ።

ቡና ተቀዳ። ሲኒውን ለመቀበል እጄ ትንሽ ዘገየ፤ አልዋሽም። እርሳቸውም አዩኝ። መድኃኒቱን ከጨረሱ ሠላሳ ዓመት እንዳለፋቸው፣ መዋጥ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ በሽታው ወደ ሌላ ሰው እንደማይተላለፍ ረጋ ብለው ነገሩኝ። ጣታቸውን ያጠፈው ሕክምና ሳያገኙ ነርቫቸው መጎዳቱ ነው፤ መድኃኒቱ ተሕዋሱን ቢገድልም ያንን አልመለሰውም። ቡናውን ሦስተኛ ድረስ ጠጣሁ።

ከዚያ ከሣጥን ሥር አንድ የግድግዳ ጨርቅ አወጡ። ባንድ ወገን አምስት ጎጆዎች ተሰብስበዋል፤ ከወንዝ ማዶ ብቻዋን የቆመች አንዲት ትንሽ ጎጆ አለች። ወንዙ መሐል አንዲት ሴት አገልግል ይዛ ትሻገራለች። በስተቀኝ ከጎጆዎቹ ሁሉ የገዘፈ ሰማያዊ አውቶቡስ ቆሟል። የብቸኛዋ ጎጆ ባለቤት እርሳቸው ናቸው፣ በአሥራ አራት ዓመታቸው። የምትሻገረው እናታቸው ናት፤ ሌላው ምግቡን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ይመለስ ነበር። አውቶቡሱ ለምን እንደዚህ ገዘፈ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ያን ቀን እንደዚያ ነበር የታየኝ» አሉ።

ጨርቁን መደብሩ አንድ ጊዜ ወስዶ መልሶታል። ገዢ የሚፈልገው ጀበና ነው ተብሎ! በሽታቸውን ወረቀት ላይ ጽፎ የሚሸጥ ሰው፣ እርሳቸው ራሳቸው ሲናገሩ አይሸጥም ይላል። የሦስት ወር ሥራ ነው፤ 2,500 ብር ከፍዬ ወሰድሁት።

ጉድለቱንም ልናገር። የትራሱ ቀይ ክር በመጀመሪያው እጥበት ቀለሙን ለቀቀ፤ የምትገዙ ሰዎች ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት። የግድግዳው ጨርቅ ገበር ስላልነበረው እኔው ጨመርሁለት። ቤቱ ደረሰኝ አይሰጥም፣ ከሰዓት በኋላም ብዙ ጊዜ ዝግ ነው፤ በጠዋት መሄድ ይሻላል።

እህቴ ለሠርግ ይህ ምን ይባላል ብላ ተቆጣች። ሙሽራዋ ግን ሳሎን ሰቅላዋለች፤ ጀበናዎቹን እኔ አስቀርቻለሁ።

አሁን ሌላ አዝዤ 500 ብር ቀብድ ሰጥቻለሁ፤ ወንዙንና እናታቸውን ብቻ። ጥግ ላይ ስማቸውን እንዲጠልፉበትም ለመንኋቸው። ፊደል ስላልቆጠሩ በትልቁ ጽፌ ትቼላቸዋለሁ። አንዱን ፊደል ዘቅዝቀው እንዳይጠልፉት ብቻ ነው ሥጋቴ።