ጫፏ የሾለ ወረንጦ ለመዥገር
ጫካና ሣር ውስጥ መንሸራሸር ስለምወድ ይህች ወረንጦ ከቦርሳዬ አትለይም። ባለፈው ከእግር ጉዞ ስንመለስ የልጄ ጉልበት እጥፋት ላይ ከሰሊጥ ፍሬ ያነሰች መዥገር ተጣብቃ አገኘሁ። አፉ ሰፋ ያለ የቅንድብ ወረንጦ ሆዷን ይጨፈልቀዋል፤ ይቺ ግን እስከ ቆዳው ድረስ ወርዳ አጥብቃ ያዘችልኝ። ሳልጠመዝዝ ቀስ ብዬ ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ ሳብኳት፤ ከነአፏ ወጣች። ቦታውን በሳሙና አጠብኩት። እባካችሁ፣ መዥገሯን በእሳት መለብለቡና ቅባት መቀባቱ ይቅር! መዥገር የምታስተላልፈው የላይም (Lyme) በሽታ ባክቴሪያ ወደ ሰው ለመተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ ስለሚፈጅበት ቶሎ መንቀል ነው ዋናው። የበሽታው ምልክት የሆነው እየሰፋ የሚሄድ ቅላት ይወጣ እንደሆነ 30 ቀን ሙሉ ቆዳውን ሳይ ቆየሁ፤ አልወጣም። ቅር ያለኝ የጫፏ ክዳን ነው፤ ላላ ስለሚል ቦርሳ ውስጥ ይወልቃል።